ለእንግዳ የተለሰነ ግድግዳ

ወልደኪዳን ያልለካውን አይጽፍም፤ ያላየውንም አይስልም። ደብረ ብርሃን ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት የንድፍ መምህር ሆኖ ሲያገለግል፣ ተማሪዎቹ ማስመሪያና ኮምፓስ ከመያዛቸው በፊት ይህን ሕግ እንዲይዙ ያደርግ ነበር። «ዓይን ችኩል ነው፤ እጅም የቸኮለ ዓይንን ይከተላል። በሁለቱ መካከል ሜትር አኑሩ» ይላቸው ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላም ሕጉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው፤ ከጥቁር ሰሌዳ ወደ ገደል አፋፍ።

ክረምቱ እንደ ወጣ የቅርስ ኮሚቴው አንድ ሥራ ሰጥቶት ነበር። በአንኮበር ዙሪያ ያሉትን የጥንት ቤቶችና የውኃ ወፍጮዎች እየዞረ እንዲለካ፣ እንዲስልና አሥራ ሁለት ጥያቄ ባለው ቅጽ ላይ እንዲመዘግብ። ጎረቤላ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየ። በክፍሏ ውስጥ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ አንድ ካፖርትና የጀሪካን ውኃ እንጂ ሌላ አልነበረም፤ ሌላም አልፈለገም። ማለዳ ቆሎውን በኪሱ ቋጥሮ ይወጣል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እግሩ እየዛለ፣ ልቡ ግን እየቀለለ ይመለሳል። በስድሳ አራት ዓመቱ ደስተኛ መሆኑን ለማንም አልነገረም፤ ደስታን ማውራት ማባከን ይመስለው ነበር።

በሥራው ያጋጠመው ችግር አንድ ብቻ ነበር። የአገሩ ሰው የገዛ አያቱን ሥራ ለራሱ አያስቀርም። «ይህን ቤት ማን ሠራው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ንጉሡ ናቸዋ!» ነው። ግንቡም የንጉሡ፣ ድልድዩም የንጉሡ፣ አንድ ሰውማ የዶሮውን ቤት ሳይቀር ለቤተ መንግሥት ሰጥቶ ነበር። ወልደኪዳን እንዲህ ያለውን መልስ ሳይከራከር ያዳምጥና «መልካም፤ ድንጋዩን የተሸከመውስ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ሰውየው ጥቂት አስቦ «ድንጋዩንማ አያቴ ነው የተሸከመው» ይላል። ወልደኪዳንም በቅጹ ላይ የአያትየውን ስም ይጽፋል።

ኅዳር አሥራ አንድ ቀን፣ ሐሙስ፣ ወደ ሙሉዬ ወፍጮ ወረደ። ወፍጮው ከጎረቤላ የአንድ ሰዓት ተኩል ቁልቁለት ርቆ፣ ጠጠር ወንዝ በሚባል ውኃ ዳር የቆመ ነው። ውኃው ከላይ በቦይ ይመጣና በተቦረቦረ ግንድ ውስጥ ቁልቁል ተወርውሮ ከቤቱ ወለል ሥር ያለውን መዘውር ይመታል፤ መዘውሩም ከበላዩ ያለውን ድንጋይ ያዞራል። ጎረቤላ ላይ የኤሌክትሪክ ወፍጮ አለ። ነገር ግን የበሶ ገብስ የቆላ ሁሉ አህያውን ጭኖ ቁልቁለቱን ይወርዳል፤ የውኃው ድንጋይ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ዱቄቱን አያቃጥለውምና።

ሙሉዬ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ቅንድቧ ዘወትር በዱቄት የነጣ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ወፍጮውን የምታስፈጨው እርሷ፣ የሚተቿት ደግሞ የሟች ባሏ አጎት አቶ የሺጥላ ናቸው። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሽማግሌ ሲሆኑ ከበሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የማንም አህያ ሳይተች እንዲያልፍ አይፈቅዱም።

ወልደኪዳን እንደ ደረሰ ዓይኑን የሳበው ወፍጮው አይደለም፤ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ሁለት ችካሎች ናቸው። አንደኛው ከበሩ ፊት፣ ሁለተኛው ከቤቱ ጀርባ ተተክሏል። ወደ ታችኛው ቀበሌ የሚወርደው አዲሱ መንገድ በዚያ ያልፋል። መስመሩን ወደ ላይ ማዞር የሚቻል መሆኑን ቀያሾቹ ራሳቸው ተናግረዋል፤ ኮሚቴው ግን እንዲዞር የሚጠይቀው ሕንፃው መቶ ዓመት ካለፈውና ማስረጃውም በሕንፃው ላይ ከታየ ብቻ ነው። ውሳኔው ኅዳር ሃያ አራት ቀን፣ ረቡዕ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ይገባል።

«መቶ ዓመት ሞልቶታል?» ሲል ጠየቀ ወልደኪዳን።

«እሱማ የንጉሡ ወፍጮ ነው!» አሉ አቶ የሺጥላ።

«ድንጋዩን ማን ተሸከመ?»

«ድንጋይ ይሸከሙታል እንዴ ይኼን የሚያህል! ይጎትቱታል እንጂ። አባቴ፣ አያቴ፣ አገሩ ሁሉ በደቦ እየጎተተ።» ሽማግሌው በአገጫቸው ወደ ውስጥ አመለከቱ። «ካላመኑ ይግቡና ግድግዳውን ይጠይቁት።»

ገባ። ከድንጋዩ ፊት ለፊት ያለው የጭቃ ግድግዳ በዱቄት ትቢያ ተሸፍኖ አመድማ ሆኗል። ወልደኪዳን ፊቱን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ፣ ግንባሩን አኮሳትሮ አየ። በቢላዋ ጫፍ የተቀረጹ ምልክቶች ተሰልፈዋል። እያንዳንዱ ምልክት አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ በራሱ ላይ አንድ ፊደል፣ በግርጌው ደግሞ የነጥቦች ክምር ነበረው።

«ያረጀው ድንጋይ ወርዶ አዲሱ በሚወጣበት ቀን የሚጻፍ ነው» አለች ሙሉዬ። «ነጥቦቹ የጎተቱት ሰዎች ናቸው። ፊደሉ የዘመኑ ነው፤ ማ ካለ ዘመነ ማቴዎስ፣ ር ካለ ማርቆስ፣ ሉ ካለ ሉቃስ፣ ዮ ካለ ዮሐንስ። የመጨረሻውን ባለቤቴ ነው የጻፈው፤ ዮ ነው፤ ከስድስት ዓመት በፊት።»

«አንድ ድንጋይ ስንት ዓመት ያገለግላል?»

«ከአምስት አያንስም፤ ከስምንት አያልፍም።»

ወልደኪዳን ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ወንጌላውያኑ አራት ናቸው፤ ከአምስት እስከ ስምንት ያሉት ዓመታትም አራት ናቸው። እንግዲያውስ ከአንዱ ምልክት ወደ ቀጣዩ ስንት ዓመት እንዳለፈ ፊደሉ ብቻውን ይናገራል፤ ከሟቹ ባል ምልክት ተነሥቶ ወደ ኋላ እየቆጠሩ መሄድ ነው። ባለሙያ የሌለበት፣ ወረቀት የሌለበት፣ ነገር ግን አንዲት ዓመት የማትጠፋበት መዝገብ! በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ፤ አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። መቶ ዓመትን የሚያልፍ ይመስላል።

እዚህ ላይ ወልደኪዳን በደለ። ሰዓቱ አሥር ብቻ ነበር፤ ብርሃንም ነበር፤ እርሳሱም በጆሮው ላይ ነበር። ግን አንድ ሐሳብ መጣበት፤ የኮሚቴው ሰዎች በሳምንቱ ሐሙስ ቦታውን ለማየት ይመጣሉ፤ በፊታቸው እያነበበ፣ እየቆጠረ፣ እየሳለ ቢያሳያቸውስ? ያረጀ መምህር እንደገና ሰሌዳ ፊት ሊቆም ነው። ደብተሩን አጠፈ።

«በሚመጣው ሐሙስ እንግዶች ይዤ እመጣለሁ» አላት ሙሉዬን። «ትልልቅ ሰዎች ናቸው።»

«ኧረ በደህና ያምጣቸው» አለች ሙሉዬ፤ ዓይኗ ግን ወደ ግድግዳው ሄደ።

በሳምንቱ ሐሙስ ወልደኪዳን ከሁለት እንግዶች ጋር ቁልቁለቱን ወረደ። አንደኛዋ የኮሚቴው ጸሐፊ ሰርካለም ናት፤ በዘጠነኛ ክፍል ያስተማራትና ክብ መሳል አቅቷት ያስለቀሳት ተማሪው። ሌላው የመንገዱ መሐንዲስ ዘላለም ነው፤ በመንገዱ ሁሉ ስለ ጫማው ሲጨነቅ የነበረ ጎልማሳ። ወልደኪዳን ከፊት ከፊት እየሄደ ስለ ወንጌላውያኑ ስሌት ያስረዳቸዋል።

«አሁን በዓይናችሁ ታያላችሁ» አለና በሩን ገፋ።

ቤቱ እርጥብ ጭቃ ሸተተ። ወለሉ ተጠርጓል፤ ዱቄት የሚጠራቀምበት ቋት ወደ ጎን ተነሥቶ ታጥቧል። ከድንጋዩ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ በጭድና በጭቃ ተለስኖ፣ በመዳፍ ተዳምጦ እንደ አዲስ ምጣድ ለስልሷል። አንድ ጭረት እንኳ አይታይበትም።

ሙሉዬ ነጠላዋን አስተካክላ በኩራት ቆማለች። «እንኳን ደህና መጣችሁ። ቆሻሻ ቤት እንዳታዩብን ብዬ ትናንት ሙሉ ቀን ስለስን ዋልኩ።»

ወልደኪዳን ወደ ግድግዳው ሄዶ እርጥቡን ጭቃ በጣቱ ነካ።

«የታሉ ምልክቶቹ?» አለ ዘላለም።

«ከሥር አሉ» አለች ሙሉዬ በቀላሉ። «የት ይሄዳሉ?»

«ወይዘሮ ሙሉዬ» አለ ወልደኪዳን በመጨረሻ፣ «ለምን ይህን አደረጉ?»

«እርስዎ አይደሉ! ያን ዕለት ግድግዳውን አዩና ፊትዎን እንዲህ አኮሳተሩት።» ግንባሯን ጨምድዳ አሳየችው፤ የገዛ ግንባሩ ነበር። «እኔም በዱቄት ተጨማልቆ ዓይንዎ ተጸየፈው ብዬ አፈርኩ። ቀጥለው ደግሞ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ አሉኝ። እንግዳ ሲመጣ ግድግዳ የማይለስን ምን ዓይነት ሰው ነው?»

አቶ የሺጥላ ከበሩ ሆነው ሳቁ። «እኔ ነግሬያታለሁ፤ የመምህሩ ፊት ከተፈጥሮው እንዲህ ነው፣ ተቆጥቶ አይደለም ብዬ።»

ዘላለም ሰዓቱን አየ። ሰርካለም ወልደኪዳንን ወደ ውጭ ወሰደችውና ከቦዩ አጠገብ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች።

«ጋሼ፣ አይጨነቁ። አይተውታል አይደል?»

«አይቻለሁ።»

«ቆጥረውታል?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«እንግዲያውስ ካዩት ይሳሉትና ይፈርሙ። በእርስዎ ፊርማ ላይ ጥያቄ የሚያነሳ ሰው በኮሚቴው ውስጥ የለም። እኔም ምስክር ነኝ፤ እርስዎ አይዋሹም።»

ደብተሩን ከፈተ። እርሳሱን አወረደ። የመጨረሻውን ምልክት ሳለ፤ ዮ። ከእርሱ በፊት ያለውን ሳለ፤ ማ። ቀጥሎ ሉ ነበር። ቀጥሎ ዮ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ሉ ነው ወይስ ር? ሉ መሰለው። አዎ፣ ሉ ነበር። ሉ ሳይሆን አይቀርም። አንዲት ፊደል ብትሳሳት ከእርሷ በፊት ያለው ዘመን ሁሉ ይዛነፋል። ከሁሉ ይልቅ ግን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «ያልለካችሁትን አትጻፉ» ብሎ ልጆች የቀጣ ሰው፣ አሁን ከልጆቹ በአንዷ ፊት ያልለካውን ሊፈርም ነው። በሌላ በኩል ወፍጮው አለ፤ ሙሉዬ አለች። እርሱ ንጹሕ ሆኖ እንዲቀር ቤቷ ቢፈርስ ያ ንጽሕና ምን ይባላል?

በመጨረሻም የሳላቸውን አራት ምልክቶች በላጲስ አጠፋ።

«አልችልም» አለ። «ማየቱን አይቻለሁ፤ መዝገቡን ግን አላገኘሁትም። ባየሁት ቀን መሳል ነበረብኝ፤ ያልሳልኩት በእናንተ ፊት ለመታየት ፈልጌ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የወይዘሮ ሙሉዬም የኮሚቴውም አይደለም። ፋይሉን መቼ ነው የምትዘጊው?»

ሰርካለም ተማሪው በነበረችበት ዘመን ያላየችውን ነገር አየች፤ መምህሯ አፍሯል። «ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት» አለች። «እስከዚያ ሰዓት ድረስ እጠብቅዎታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን በእጄ አይደለም።»

እንግዶቹ እንደ ሄዱ አቶ የሺጥላ ዶማ ይዘው መጡ። «ምን ያስቸግራል? ይፋቃል!»

«ይወግዱ ከዚያ አባባ!» አለች ሙሉዬ ዶማውን ነጥቃ። ያደረገችው ነገር ምን እንደ ሆነ ገና አሁን ገብቷት ፊቷ ዐመድ መስሏል። «እርጥቡ ከተፋቀ ከሥሩ ያለውን አሮጌ ጭቃ ይዞ ነው የሚወርደው። ያን ጊዜ ከነጭራሹ ጠፋ ማለት አይደል?»

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለ ወልደኪዳን።

«መጠበቅ ነው እንጂ። የወፍጮ ቤት ግድግዳ ጭቃ አይዝም፤ ዱቄቱ ይገፋዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሲደርቅ ራሱ ተላቆ ይወድቃል። በአምስት ቀን፣ በስድስት ቀን።»

«እንደሚወድቅ እያወቁ ነው የለሰኑት?»

«ለእንግዳ አንድ ቀን አይበቃም?»

ወልደኪዳን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሙሉዬ ግን አልሳቀችም፤ ችካሎቹን እያየች ነበር።

ጎረቤላ ተመልሶ ከመጨነቅ እዚያው መጨነቅን መረጠና ካፖርቱን ይዞ በቤቷ ደርብ ላይ ከገብስ ጎታ አጠገብ አደረ። ወቅቱ ጾመ ነቢያት ነበር፤ በሶና ሽሮ ለእርሱ ከበቂ በላይ ናቸው። ግድግዳው እንዳይናወጥ ፈርቶ «ወፍጮው ይቁም» ብሎ አዘዛት፤ በጥፋቷ ስለ ደነገጠች ሳትከራከር ውኃውን ከቦዩ አፍ መለሰችው። ገብስ ጭነው የመጡት ሰዎች አጉረምርመው ወደ ላይ ተመለሱ። አርብ እንዲህ አለፈ። ቅዳሜ ሰንበት ነው፤ እሑድ ደግሞ ኅዳር ጽዮን ነው፤ በሁለቱም ቀን ድንጋይ አይዞርም።

በእነዚያ ቀናት ወልደኪዳን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከወፍጮው በላይ ያለው የሙሉዬ መኖሪያ ራሱ መመዝገብ ያለበት ቤት ነው፤ ክብ የድንጋይ ቤት፣ ከታች ጋጣ፣ ከላይ የሰው መኖሪያና የእህል ማስቀመጫ ያለው። አርብ ሙሉ ቀን ሲለካ ዋለ፤ የሜትሩን ሌላ ጫፍ የያዘችው ሙሉዬ ናት።

«ይሳቡት፤ አይልቀቁት» ይላታል።

«በግ መሰልኩዎት? ይዤዋለሁ።»

«ሁለት ሜትር ከአሥራ አራት።»

«በባለቤቴ ክንድ አራት ከስንዝር ነበር» ትላለች። «የእርስዎ ሜትር ከእርሱ ክንድ ይበልጣል እንዴ?»

«አይበልጥም፤ ግን የእርስዎ ባለቤት ከእኛ ጋር የሉም፤ ሜትሩ አለ።»

ሙሉዬ ጥቂት አሰበችና «እሱስ እውነት ነው» አለች። ቀጥላም «ለመሆኑ ቤቱን ሥለው ምን ሊያደርጉት ነው? ቤቱ እዚሁ ቆሟል፤ ያየ ያያል» ስትል ጠየቀችው።

ወልደኪዳን ለዚህ ጥያቄ በስብሰባ ላይ የሚሰጠው ረዥም መልስ ነበረው። እዚያ ጋጣ ውስጥ፣ በላም ትንፋሽ መካከል፣ ያ መልስ አልመጣለትም። «አንድ ሰው ይህን ድንጋይ በዚህ ድንጋይ ላይ ሲያኖር አስቦ ነው» አለ። «የታሰበ ነገር ሳይታይ እንዳይቀር ነው።»

«ለማንም የማይታይ ቢሆንስ?»

«ለእኔ ታይቷል።»

መልሱ ለራሱም አጠረበት፤ እርሷ ግን ራሷን ነቀነቀችና ሜትሩን ይበልጥ አጥብቃ ያዘች። ማታ ንድፉን አሳያት። ደረጃዋን፣ ምሰሶዋን፣ የጎታዋን ክብ በወረቀቱ ላይ አንድ በአንድ ለይታ አወቀች። «የድመቷን ቀዳዳ ረስተዋል» አለችው። ወርዶ አየ፤ እውነት ነበር፤ ከበሩ ግርጌ ሃያ ሁለት በአሥራ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ አለ። በምስጋና መዘገበው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የግድግዳው ጠርዝ ነጭ ሆኖ ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን እንደዚያው ነው። ሰኞ ቀትር ላይ ወልደኪዳን እጁን ቢያሳርፍበት መሐሉ ገና ይቀዘቅዛል። ሰኞ ማታ አንዲት ጥፍር የምታህል ቅርፊት እንኳ አልወደቀችም። ከጎረቤላ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደው የመጨረሻ መኪና ማክሰኞ በአሥር ሰዓት ይነሣል፤ በአንድ ሰዓት ተኩል የወረደውን ቁልቁለት መልሶ ለመውጣት ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ያስፈልገዋል።

ማክሰኞ ማለዳ ሙሉዬ በግድግዳው ፊት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«መምህር፣ አይቆጡ እንጂ አንድ ነገር ልናገር።»

«ይናገሩ።»

«ወፍጮው መቆም አልነበረበትም። ድንጋዩ ሲዞር ነው ቤቱ የሚሞቀው። ድንጋዩ ከቆመ ከሥር የውኃው እርጥበት ይወጣና ጭቃው እንደ ረጠበ ይቀራል። በዚያ ላይ አላቆ የሚጥለው መንቀጥቀጡ ነው።»

«ይህን ሐሙስ ለምን አልነገሩኝም?»

«ይቁም አሉኝ፤ አቆምኩ። ባጠፋሁ ማግስት ምን አፍ አለኝ?»

ወልደኪዳን የቸኮለ ዓይን ብቻ ሳይሆን የቸኮለ ትእዛዝም እንዳለ ተረዳ። በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ በደለ፤ አንድ ጊዜ በመታየት ፍላጎት፣ አንድ ጊዜ በማዘዝ ልማድ። ወፍጮን ከወፍጮ ባለቤት ይልቅ የሚያውቅ መስሎት ነበር።

«ያዙሩት» አለ። «እንደሚያውቁት ያድርጉ።»

ሙሉዬ በሩጫ ወደ ቦዩ ወጣች። ውኃው በግንዱ ውስጥ ሲንደረደር ተሰማ፤ መዘውሩ አቃሰተ፤ ድንጋዩ በቀስታ፣ ከዚያም በምልዓት ዞረ። ትናንት የተመለሰው አንድ ሰው ገብሱን ይዞ መጥቶ ነበርና ፈሰሰለት። ወለሉ ከእግራቸው ሥር ተንዘረዘረ። ዱቄቱ ሞቅ ብሎ ወጣ፤ ቤቱም ሞቀ። አንድ ሰዓት ሄደ። ሁለት ሰዓት ሄደ። አቶ የሺጥላ ከበሩ ሆነው «አልወደቀም?» ይላሉ፤ «አልወደቀም» ትላለች ሙሉዬ፤ ጥቂት ቆይተው ደግሞ «አሁንስ?» ይላሉ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ከላይኛው ጥግ አንድ ስንጥቅ ወጣ። ስንጥቁ ሰያፍ ወረደ። የግድግዳው መሐል እንደ ተነፋ ሆድ ወደ ፊት መጣ። ሙሉዬ «ድገፉት!» ብላ ጮኸች፤ እርሷና ወልደኪዳን መዳፋቸውን ዘርግተው ሰፊውን ቅርፊት ተቀበሉትና እንደ ሕፃን አቅፈው ወለሉ ላይ አስተኙት። ሌላው ተከተለ፤ ሌላውም። ትንንሾቹ በራሳቸው እየወረዱ ተሰበሩ።

ትቢያው ሲረግብ ግድግዳው ቆሞ ነበር። አሮጌው ጭቃ አመድማ መልኩን እንደ ያዘ፣ ምልክቶቹ ተሰልፈው ታዩ። በሁለት ቦታ ብቻ አዲሱ ጭቃ አሮጌውን ይዞ ወርዷል። ወልደኪዳን ከወለሉ ላይ ካስተኙት ቅርፊት አንዱን በጥንቃቄ ገለበጠው። በጀርባው ላይ፣ እንደ ማኅተም፣ የጠፉት ሁለት ምልክቶች ተገልብጠው ጎልተው ወጥተዋል፤ መስመሩ፣ ፊደሉ፣ ነጥቦቹ ሁሉ።

«መስታወት ይኖርዎታል?» አላት።

«ባልቴት ነኝ እንጂ አላበድኩም፤ መስታወትማ አለኝ።»

ያን ዕለት በሦስት ሰዓት ውስጥ የሠራውን ሥራ በሌላ ጊዜ በሁለት ቀን አይሠራውም ነበር፤ ግን አልቸኮለም። እያንዳንዱን ምልክት ለካ፤ ከወለሉ ያለውን ከፍታ፣ ከጎረቤቱ ያለውን ርቀት፣ የነጥቦቹን ቁጥር። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። ፊደሉ ሉ አይደለም፤ ር ነው። ወደ ግራው ጥግ ሲደርስ ደግሞ ቋቱ ለመታጠብ ከቦታው ስለ ተነሣ፣ ከበስተጀርባው ያን ዕለት ያላየው ምልክት አለ። ሃያ ናቸው። በፊርማው ሊያጸድቀው የነበረው ሥዕል በፊደልም በቁጥርም ሐሰት ነበር።

ከኋላ ወደ ፊት ቆጠረው፤ ከፊት ወደ ኋላ ደገመው። አቶ የሺጥላ «እኔ ክርስትና የተነሣሁት ሃያ ሰባት ሰው የጎተተው ድንጋይ በወጣበት ዓመት ነው» አሉና ሃያ ሰባት ነጥብ ያለው ምልክት ተገኘ፤ ሰማንያ ዓመት። ስሌቱ ከሽማግሌው ዕድሜ ጋር ያለ አንዲት ዓመት ልዩነት ገጠመ። የመጀመሪያው ድንጋይ መቶ ሃያ አምስት ዓመት ሆኖታል።

ቅጹን ሞላ። «የሕንፃው ወቅታዊ ሁኔታ» በሚለው ጥያቄ ሥር እንዲህ ጻፈ፤ «የውስጡ ግድግዳ ኅዳር አሥራ ሰባት ቀን በባለቤቲቱ ለኮሚቴው ክብር ሲባል ተለስኖ፣ ኅዳር ሃያ ሦስት ቀን በራሱ ረግፏል። ምልክቶቹን መዝጋቢው አስቀድሞ ስላልሳላቸው ሁለቱ ከግድግዳው ጠፍተዋል፤ ከቅርፊቱ ጀርባ በመስታወት ተነብበው ተመዝግበዋል።» በስምንት ሰዓት ተኩል ለምሳ ያቀረበችለትንና ያልቀመሰውን በሶ ለሙሉዬ መለሰላትና አቀበቱን ጀመረ። መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ በር ሊዘጋ ሲል ደረሰ፤ አቀበቱን በአንድ ሰዓት ተኩል እንዴት እንደ ወጣው ራሱም አላወቀም።

በማግስቱ ኮሚቴው ፊት ቀረበ። ዘላለም ቅጹን እያገላበጠ «ጋሼ፣ ይህ የልስኑ ነገር ባይጻፍስ? ጥፋትዎን ራስዎ መዝገብ ላይ ማስፈር ምን አስፈለገ?» አለው።

«ሁለቱ ምልክቶች ለምን ግድግዳው ላይ እንደሌሉ የሚጠይቅ ሰው ይመጣል» አለ ወልደኪዳን። «መልሱን እዚያው ያግኘው።»

ዘላለም ፈገግ አለና እርሳሱን አንሥቶ በካርታው ላይ መስመሩን ወደ ላይ አሻገረው፤ አሥራ አንድ ሜትር። ማንም አልተቃወመም። ጉዳዩ ከሩብ ሰዓት በላይ አልፈጀም።

ወልደኪዳን ወጥቶ ከአስፋልቱ ዳር፣ የደብረ ብርሃን ነፋስ የካፖርቱን ኮሌታ እያገላበጠው፣ ስልኩን አወጣና ደወለ።

«ወይዘሮ ሙሉዬ፣ መንገዱ ዞሯል!»

«ምን? አልሰማዎትም፤ ወፍጮው ላይ ነኝ!»

«መንገዱ! ወደ ላይ! ዞሯል!»

በድንጋዩ ጉርምርምታ መካከል ሙሉዬ ከስልኩ ፊቷን መልሳ ስትጮህ ተሰማ፤ «አባባ! መንገዱ ወደ ላይ ዞረ ይላሉ መምህሩ!» የሽማግሌውም ድምፅ ከሩቅ፣ «ታዲያ በማን ማሳ ላይ ሊወጣ ነው?»

«በጭንጫው ላይ ነው፤ ማሳ አይነካም!» አለ ወልደኪዳን።

«በጭንጫው ነው!» አለች። ድምፅዋ ተሰበረና ተመልሶ ቆመ። «እግዜር ይስጥልኝ መምህር። አሁን ግን ሰው ተሰልፎብኛል፤ የአርብ ዕለቱ ሁሉ ዛሬ ነው የመጣው። ቋቱም ሞልቷል።»

ስልኩን ግን ሳትዘጋው እንዲሁ አስቀመጠችው። ወልደኪዳን አልዘጋውም። ሰዎች ስለ ተራ ሲጣሉ፣ ሙሉዬ «ቅድሚያ የእናናየሁ ነው!» ስትል፣ ገብሱ ሲፈስ፣ ድንጋዩም ከሥር ከሥር እያጉረመረመ ሲዞር ሰማ። የስልኩ ሒሳብ እስኪያልቅና መስመሩ በራሱ ጊዜ እስኪቋረጥ ድረስ እዚያው ቆሞ አዳመጠ።